ከፎቶው ጀርባ ያለችው የሁለት ጣት ቦታ

ሥጋ ሻጩን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «እጀ ሚዛን» እያለ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ራሱ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ስሙ ያለ ነገር አልወጣም። አንድ ኪሎ ያሉት እንደሆነ ቢላዋውን አንዴ ያሳርፋል፣ ቁራጩን በመዳፉ ነጠር ነጠር ያደርገዋል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «አንድ ኪሎ!» ይልና ይጠቀልላል። ያላመነ ካለ ሚዛኑ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተጎልቷል፤ ይመዝን። እስካሁን የመዘነ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው በእጁ ከመመካቱ የተነሣ ሥጋ ያልሆነውንም ሁሉ በመዳፉ ካልመዘነ አይገዛም። ከባድ ነገር ለእሱ ታማኝ ነው፤ ቀላል ነገር ደግሞ ሌባ። ጫማ ይመዝናል፣ ሳሙና ይመዝናል፣ ጓጉንቸርና ቁልፍ ይመዝናል። አንድ ጊዜማ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሊተከልለት የተዘጋጀውን ሰው ሠራሽ ጥርስ «እስቲ ልያዘው» ብሎ ከመዘነ በኋላ «ይኼ ይቀላል፣ ሌላ የለህም?» አለው ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ግን አያደርገውም ብዬ አልምልም።

ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን ሰቅሎ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ጓዳው ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ በሽቦ፣ በተፈለቀቀ ሬዲዮ፣ በመበየጃና በትንንሽ ብሎኖች ተሞልታለች። ነገሩ የጀመረው የሱቁ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ፣ ጠጋኝ ጠፍቶ፣ እሱ በንዴት ጎኑን በቡጢ ሲነርተው ድንገት የተነሣለት ቀን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ለኤሌክትሮኒክስ የተፈጠርኩ ነኝ» ብሎ አመነ፤ ማን ሊመልሰው! አይጥ ሲያይ የሚጮህ ሳጥን ሠራ፤ ሳጥኑ ከአይጥ በቀር ለሁሉም ነገር ጮኸ። ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ራሱን የሚያጠፋ አምፖል ሠራ፤ አምፖሉ መጥፋቱን አሳምሮ ያውቅበታል፣ ሲበራ ግን እስከ ዛሬ ማንም አላየውም።

ይኼን ሁሉ ጉድ ችላ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱ «እትዬ» ይላታል። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሱ ሚስት አላገባም፤ የእሷም ባል ከሞተ ቆይቷል። ምሳ የሚበላው እሷ ዘንድ ነው፤ እየበላም ይነተርካታል። «ጨው በዝቷል» ይላል፤ «ምላስህ ነው የበዛው» ትለዋለች። «ሥጋውን እሳት ላይ አቆየሽው» ይላል፤ «የሸጥክልኝ ጎማ ነዋ፣ ምን ላድርገው?» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ዘመናቸውን ገፍተዋል፤ ሁለቱም ከዚህ የተሻለ ኑሮ አለ ብለው አስበው አያውቁም።

እትዬ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ጡረታ በወጣች በጥቂት ዓመት ጆሮዋም ተከትሏት ጡረታ ወጣ። ፊት ለፊቷ ሆነው ጮክ ብለው ቢያወሯት ትሰማለች። በሩን ግን ቢያንኳኩት፣ ቢደበድቡት፣ ነቅለው ቢወስዱት አትሰማም። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሰጥቷት ነበር፤ «ንብ ገባብኝ!» ብላ ባወጣችው ቀን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

ታዲያ አንድ ቀን የድሮ የሥራ ጓደኞቿ ሦስት ሆነው ኬክ ይዘው መጡ። አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ። በመስኮት አጮልቀው ሲያዩ እትዬ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ሹራብ ትሠራለች። «ኮራችብን እኮ!» አሉና ኬኩን ይዘው ተመለሱ፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ራሳቸው በሉት ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዝር አላሉም። ወሬው ዞሮ ዞሮ እትዬ ዘንድ ሲደርስ አንጀቷ ተቃጠለ። ደውላ እንዳታስረዳ ስልኩንም አትሰማ፣ ሄዳ እንዳታስረዳ ደግሞ እልኳ አይፈቅድላትም። በሌላ ከተማ የሚኖረው አንድ ልጇ ይኼን ሰምቶ መልእክት ላከላት፤ «እማዬ፣ ብቻሽን መኖር አበቃ። ቅዳሜ በመኪና እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሸክፊና ጠብቂኝ፣ እኔ ዘንድ ትኖሪያለሽ።»

መልእክቱን ምሳ ላይ ለወንድሟ አነበበችለት። እጀ ሚዛን ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ።

«መልካም ነዋ!» አለ ማንኪያውን አውጥቶ። «ሂጃ! ማን ያዘሽ? እኔም ጸጥታ አገኛለሁ።»

እንዲህ ይበል እንጂ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየው ፈራ። እሷ ከሄደች የሚቀርበት ምሳው ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ ማታ ላይ «ዛሬ እኮ አንዷ መጥታ…» ብሎ የሚጀምርለት ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለውም። ነገር ግን «አትሂጂ» የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። ከአንድ ወይፈን ሙሉውን አጥንት በጥርስህ አውጣ ቢሉት ይቀለዋል።

«ስሚ እንጂ እትዬ» አለ ቆይቶ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «በር ሲንኳኳ ቦግ የሚል መብራት ብሠራልሽስ? ጆሮሽ ባይሰማ ዓይንሽ ያያል አይደል?»

«አንተ? አንተ ልትሠራልኝ?» እትዬ ስቃ ልትሞት ነበር። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «እሺ፣ ሥራዋ። ከሠራኸው እስቲ እናያለን።»

«እስቲ እናያለን» ነው ያለችው። እሱ ግን እንደ መሐላ ቆጠረው። መብራቱ እስከ ቅዳሜ ከበራ ትቀራለች፣ ካልበራ ትሄዳለች፤ በቃ።

«ግን» አለች እትዬ ጣቷን ቀስራ፣ «ሳሎኔን በሽቦ እንዳታበላሽብኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ስል የማየው ባሌን ነው፤ መብራቱ ባሌ ጋ ይሁን።»

ባሌ የምትለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ ነው። ሟቹ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። በፎቶው ላይ ጥቁር ኮት፣ የተከረከመ ሪዝ፣ «ቤት ሥራህ የታለ?» የሚል ፊት አለው። በሕይወት ሳለ ከእጀ ሚዛን ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። ሥጋ በገዛ ቁጥር ከአሥር ስንት እንደሚሰጠው ለገበያተኛው ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር፤ ከስድስት አስበልጦለት አያውቅም። እንግዲህ እጀ ሚዛን ለዚህ ሰውዬ ነው ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው። ይሁን፣ ለእህቱ ሲል ይህንንም ቻለው።

አሠራሩን አስቦ ጨረሰ። ሳንቲም የምታህል ስስ የነሐስ ክብ አለች፤ በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ትለጠፋለች። በሩ ሲንኳኳ ስትንቀጠቀጥ ቅንጣት የምታህል ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ያቺን ቅንጣት አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ትቀበልና ከፎቶው ጀርባ ዙሪያውን የተለጠፈውን ጥብጣብ መሳይ ኤልኢዲ መብራት ታበራለች። ሰሌዳውን በየደ፣ መብራቱን ለጠፈ፣ ከድሮ ባትሪ ጋር አያይዞ በማንኪያ ቂጥ ነሐሷን ነካ ሲያደርጋት መብራቷ ቦግ አለች! የሚያምር ነገር ነው። ባትሪው ግን ወዲያው አለቀ። ቀን ከሌት የሚጠብቅ ነገር በባትሪ አይሆንም፤ ከግድግዳው ሶኬት ወስዶ አሥራ ሁለት ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገዋል። በፎቶው ፍሬምና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታ ደግሞ ሁለት ጣት ነው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ወዲያ ነው።

በማግስቱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ነገር የማይሰለቻት ሴት ናት።

«አሥራ ሁለት ቮልት ፓወር ሰፕላይ አምጪልኝ ልጄ።»

«ስንት አምፔር ይሁንልዎት ጋሼ?»

«እሱን እጄ ይነግረኛል» አለና መዳፉን ዘረጋ።

ባለ መነጽሯ መዳፉን አየች፣ እሱን አየች። «ጋሼ፣ እንዲህ አይመረጥም። ቮልቱ መብራቱ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል ይሁን። አምፔሩ ከሚያስፈልገው ትንሽ ተረፍ ቢል አይጎዳም፤ መብራቱ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚወስደው። ከዚያ ቦታው ላይ የሚገባ መሆኑን ማየት ነው። ክብደት ምን አገባው?»

«ክብደት ምን አገባው!» እጀ ሚዛን እናቱን የሰደቡበት ያህል ደነገጠ። «ልጄ፣ ውስጡ መዳብ ያለው ይከብዳል፤ ውስጡ ንፋስ ያለው ይቀላል። ይኼንን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም!»

«እሱ እኮ ድሮ ነው…» ብላ ጀመረች፤ ማን ሰምቷት። መደርደሪያው ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱን ያነሣል፣ ነጠር ነጠር ያደርጋል፣ «ሌባ!» ብሎ ይመልሳል። ሌላ ያነሣል፤ «ይኼም ሌባ!» ከኋላው ወረፋ የያዘው ሰው እየበዛ ሄደ። በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ የድሮ ትራንስፎርመር ሲያነሣ ፊቱ በራ። ጡብ ያክላል፤ ክብደቱም የጡብ ነው። «ይኸውልሽ ታማኝ!» አለ።

«የሚገባበት ቦታ ስንት ነው ጋሼ?»

«ሁለት ጣት።»

«የማን ጣት?»

እጀ ሚዛን ሁለት ጣቱን አነሣ። የሥጋ ሻጭ ጣት፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሌላው ሰው አራቱ ነው። ባለ መነጽሯ ተስፋ ቆርጣ ጠቀለለችለት።

በእሱም ሁለት ጣት ቢሆን ታማኙ አልገባም። እጀ ሚዛን ግን ሽንጡን ገትሮ ታገለው። ከፎቶው በላይኛው ጠርዝ ጀርባ እንጨት ደረበበት፣ ረጅም ሚስማር መታ፣ ሰቀለው። ዳይሬክተሩ ከግድግዳው ወጣ ብሎ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ «ማን ነው ሲያወራ የነበረው?» የሚል መሰለ። በዚያ ላይ ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል። በሩን እንኳ የማትሰማው እትዬ ግድግዳውን ደገፍ ስትል «ጥርሴን እየነዘረኝ ነው፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ብላ አገጯን ያዘች።

«ትለምጂዋለሽ» አላት።

መልመድ አላስፈለጋትም። ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ ስለ ጨው እያስረዳችው ሳለ ሚስማሩ ተነቀለና ዳይሬክተሩ ከነታማኙ ሶፋው ላይ ወረደ። የሶፋው ስፕሪንግ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንጥሮት በሪዙ ተደፋ። ቤቱ ተናጋ። እትዬ ምንም አልሰማችም፤ ስለ ጨው ቀጠለች። እጀ ሚዛን ብቻ አፉን ከፍቶ ቀረ። አፉ የተከፈተው ለእሷ ምክር እንዳልሆነ የገባት ዞራ ስታይ ነው።

«ባሌን ምን አደረግኸው?»

«ወረደ።»

«ወዴት ነው የወረደው?»

«ሶፋ ላይ።»

«እሱ እኮ በሕይወቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ አያውቅም! አንሣልኝ ቶሎ!» አለች እትዬ፣ ሳቅ እየታገላት።

አነሣው። መስታወቱ በተአምር ተርፏል። እጀ ሚዛን ግን ያን ዕለት ሥጋ ሲቆርጥ ዋለ እንጂ አልመዘነም፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ቅዳሜ እየመጣ ነው። የእትዬ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ አይቷል፤ ሹራቦቿ ታጥፈው ገብተዋል። 

የሚፈልገው ትንሽና ከባድ ነገር ነው። እግሩ ገበያ መሐል ወሰደው፤ እዚያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ቻርጀር፣ ገመድ፣ የሰዓት ማሰሪያ የሚሸጡ አሉ። አንዱ ነጋዴ የሳሙና ቁራጭ የምታህል ጥቁር ሣጥን ሰጠው። ላይዋ ላይ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሦስት አምፔር ተጽፏል። እጀ ሚዛን መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ዓይኑን ጨፈነ። ኧረ እንዴት ትከብዳለች! ይቺን የምታህል ነገር እንዲህ ስትከብድ በዕድሜው አላየም። እንባው ሊመጣ ነበር። «ልጄ፣ ተባረክ!» ብሎ ነጋዴውን ጨብጦ፣ ሣጥኗን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ ኪሱ እየጎተተው በአንድ ትከሻው ዘምበል ብሎ ቤቱ ገባ።

ከፎቶው ጀርባ ልክክ አለች። ሶኬቱን ሰካ፣ ነሐሷን ነካ አደረገ። ከዳይሬክተሩ በስተግራ በኩል የታመመ ሻማ የመሰለ ብርሃን ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ብልጭ አለ። ሰውዬው በአንድ ዓይኑ የሚጠቅስ መሰለ።

«ምነው ባሌ ይጠቃቀስ ጀመር?» አለች እትዬ። «ይኼን ጠባይ ከአንተ ነው የተማረው። ደግሞ የሚሸት ነገር አለ።»

እውነቷን ነው፤ ፕላስቲክ እየተቃጠለ ነው። እጀ ሚዛን ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ። ሣጥኗ እስክትበርድ ጠበቀና ምሳ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ በቢላዋው ጫፍ መጋጠሚያዋን ፈለቀቃት። እንዲህ ያለ ሰው ሥጋ ሲበልት አጥንቱ የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል፤ እዚህ ግን ዓይኑን ማመን አቃተው። ውስጧ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አሮጌ ሰሌዳ አለች። የቀረውን ቦታ የሞላው ደግሞ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ቁራጭ ነው። ሽቦ የለው፣ ሥራ የለው፤ እንዲያው እንዲከብድ ብቻ የገባ ብረት።

እትዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ብረት ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ምን ይሠራል?»

«ይከብዳል።»

እትዬ ቀስ ብላ ቀና አለች። ከንፈሯን ነከሰች፣ ጠረጴዛውን ያዘች፣ አልቻለችም። «አጥንት!» አለች። «አጥንት ሸጡልህ! ለአንተ! ለእጀ ሚዛን አጥንት መዘኑለት!» ሳቋ እስክታስላት፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ወንበር ፈልጋ እስክትቀመጥ ድረስ አልቆመም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቡራ ከረዩ ባለ ነበር። ያን ቀን ግን ብረቱን በመዳፉ ይዞ ተቀመጠ፤ ትክክለኛ ክብደቱን ያውቃል፣ ምን ይጠቅመዋል? ያቺን ሳቅ ከቅዳሜ በኋላ ከየት እንደሚሰማት ነበር የሚያስበው።

አርብ ዕለት ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ወደ ባለ መነጽሯ ተመለሰ። ገና በሩ ላይ ስታየው ገባት።

«ከበደ?» አለችው።

«እሱስ ከበደ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲህ ዛሬ እኔ እንደምልዎት ነው የምንገዛው። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያስገቡ።»

«እ?»

«ሁለቱንም! ኪስ ውስጥ! አያወጧቸውም።»

ያን የሚያህል ሰውዬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ የተቀጣ ተማሪ መስሎ መደርደሪያው ፊት ቆመ። ባለ መነጽሯ የራሷን መነጽር አውልቃ አፍንጫው ላይ ሰካችለትና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ፊቱ ላይ እየያዘች «ያንብቡ» አለችው። አነበበ። የመጀመሪያው ቮልቱ አምስት ነው፤ መብራቱን አያነቃውም። ሁለተኛው ሃያ አራት ነው፤ መብራቱን ያቃጥለዋል። ሦስተኛው አሥራ ሁለት ቮልት፣ ሁለት አምፔር፤ የእሱ መብራትና ሰሌዳ ተደምረው አንድ አምፔር አይሞሉም፣ ስለዚህ ሳይግል፣ ሳይጨነቅ ይሠራል። ከነመሸፈኛው ክብሪት ሣጥን ቢያክል ነው። ባለ መነጽሯ በማስመሪያ ለካችው፤ «የእርስዎ ጣት ሳይሆን የእኔ ሁለት ጣት ነው» አለች። እጀ ሚዛን የግራ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ኪሱ ውስጥ ያለችው እጅ ለመውጣት እየታገለች ነው። አላወጣትም። ይኼን ጊዜ ያየው ሰው የሲጋራ ሱስ የሚተው ይመስለው ነበር።

ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ስንቴ ቆሞ ኪሱን እንደዳበሰ እሱ ነው የሚያውቀው። ምንም አትከብድም፤ የእንቁላል ቅርፊት ናት። ወድቃ የቀረች፣ ተሰርቃ የሄደች ይመስለዋል፤ ዳብሶ ሲያገኛት ደግሞ «አለሁ እኮ» የምትለው ይመስለውና ይናደድባታል። ያም ሆኖ ከፎቶው ጀርባ አስገባት፣ ሽቦውን በፍሬሙ ጠርዝ ሥር ደብቆ አወረደ፣ ነሐሷን በሩ ላይ ለጠፈ። በማንኪያው ነካ ሲያደርጋት ዳይሬክተሩ ከዙሪያው ወርቅ የተቀባ ይመስል ቦግ አለ፤ ሪዙ እንኳ አማረበት። ሽታ የለም፣ ማጉረምረም የለም። እጀ ሚዛን ግድግዳው ሥር ቆሞ ፍሬሙ ለብ ብሎ እንደሆነ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የእህቱ ሶፋ ላይ ተሰየመ። እትዬም ለብሳለች፤ ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁለቱም ፎቶውን ያያሉ። ይኼን ጊዜ የበሩ ቁልፍ ዞረና የእህቱ ልጅ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ «እማዬ!» እያለ ገባ።

እጀ ሚዛን ከሶፋው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ለምን አታንኳኳም አንተ?»

«ቁልፍ አለኝ እኮ ጋሼ፤ ደግሞ እሷ አትሰማም ብዬ…»

«ውጣ!»

«ምን አሉኝ?»

«ውጣና አንኳኳ ነው የምልህ!» ብሎ የተከበረውን ሰውዬ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በትከሻው ገፍቶ አስወጥቶ በሩን ዘጋበት። ጥቂት ቆየ። ከዚያ በሩ ኳ ኳ ኳ አለ።

ዳይሬክተሩ ቦግ!

እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኧረ ባሌን! ኧረ እዩልኝ!» ብላ እየሳቀች በሩን ከፈተች፤ ልጇን ገና አሁን የመጣ ያህል አገላብጣ ሳመችው። እጀ ሚዛን ደረቱን ነፍቶ ቆመ። አለቀ፣ ሠራሁት፣ ትቀራለች! ሲል በልቡ ጨፈረ።

እትዬ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። «እጅህ ይባረክ ወንድሜ» አለች። «እውነት በጣም ያምራል።» ከዚያ ተነሥታ ኮቷን አነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ከልጄ ጋር ነዋ።»

«በራ እኮ! መብራቱ በርቶ የለም እንዴ?»

«በራ። ማን ሊያንኳኳው ነው?» አለች ኮቷን እየለበሰች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ጓደኞቼ ተቀይመው ቀርተዋል። ፖስተኛው ደብዳቤውን ከበሩ ሥር ነው የሚያሾልከው። አንተም ብትሆን በጓሮ በር ገብተህ፣ ድስት ከፍተህ ማንኪያ ይዘህ ነው የማገኝህ። አንድ ቀን እንኳ በፊት ለፊት መጥተህ እህቴ አለች ወይ ብለህ አታውቅም። ታዲያ ይኼ ሁሉ መብራት ለማን ነው የሚበራው?»

የእጀ ሚዛን ሁለት ትላልቅ እጆች ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል። ወደ ኩሽና ሄደ፤ የጓሮው በር ተከፍቶ ሲዘጋ የእህቱ ልጅ ሰማ። «አዘነ መሰለኝ» አለና እያፈረ ሻንጣውን አነሣ። «እንሂድ እማዬ፣ በኋላ እደውልለታለሁ።»

ዳይሬክተሩ ቦግ አለ።

እናትና ልጅ ፎቶውን አዩ። ጠፋ። ደግሞ ቦግ አለ። ልጁ ሊከፍት ሲራመድ እትዬ እጅጌውን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ያንኳኳ።»

ኮቷን እንደለበሰች ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። መብራቱ ይጠፋል፣ ይበራል፤ ይጠፋል፣ ይበራል። ከበሩ ውጭ ያለው ሰው የሥጋ ሻጭ ክንድ ነው ያለው፤ ልጁ በሩ እንዳይገነጠል ሰጋ። እትዬ ግን የምትቸኩል አትመስልም፤ ፊቷ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይፈካል። ሲበቃት ተነሣች፣ ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች፣ ሄዳ ከፈተች።

እጀ ሚዛን ደጃፉ ላይ ቆሟል። ፀጉሩን ውኃ አስነክቶ አበጥሮታል፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆልፏል፣ ጉንጩ ቀልቷል። ፊት ለፊቷ ሆኖ፣ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ እስኪከፈት ድረስ ጮኸ።

«እትዬ! አትሂጂብኝ! ብትሄጂ ምን እሆናለሁ?»

እትዬ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ አንገቷን ወደ ልጇ መለስ አደረገች።

«ሻንጣውን እዚያው ተወውና አንተ ሂድ ልጄ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅብህ» አለችው። «እኔ እንግዳ መጥቶብኛል።»